አባትየውም ይናገር

ድራማ ለምን ይጠቅማል ተብሎ ቢጠየቅ ዛሬ አገራችን ውስጥ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ለማስተማር» ይባላል። ከፌዴራል መሥሪያ ቤት እስከ ቀበሌ፣ ከግብረ ሰናይ ድርጅት እስከ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ድረስ ይህን የሚጠራጠር ሰው አይገኝም። ድርሰቱን ለግምገማ ያቀረበ ወጣት መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምንስ እንዳጣላቸው አይደለም፤ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ይባላል። መልእክቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ሥራው አልበሰለም ተብሎ ይመለሳል። ይህ አመለካከት የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ። ወሎ ውስጥ ያለችውን ከሚሴንና በአማራ ክልል ያለውን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ይዤ የምከራከረውም ጉዳቱ እዚያ አፍጥጦ ስለሚታይ ነው።

በከሚሴም ሆነ በባቲ፣ በሰንበቴም ሆነ በጨፋ ሮቢት አዳራሽ ተቀምጦ «አስተማሪ ድራማ» ያየ ሰው የምለውን ያውቀዋል። አባት ሽርጡን አገልድሞ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ይገባል። የአሥራ አራት ዓመት ልጁን ሊድር ቆርጧል። እናት ታለቅሳለች፤ ልጅቱ ደብተሯን እንዳቀፈች ትንበረከካለች። አባት ይጮኻል፣ ከዘራውን ያነሣል። በዚህ መሐል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትደርስና ስለ ፌስቱላ፣ ስለ ሕጉና ስለ ትምህርት ጥቅም ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። አባት ራሱን ይዞ «ለካ እስከ ዛሬ በጨለማ ውስጥ ነበርኩ» ይላል። ይጨበጨባል፤ የዕለቱ የክብር እንግዳ ንግግር ያደርጋል፤ ታዳሚው የአበል ወረቀት ላይ ፈርሞ ይበተናል።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከመድረኩ ይልቅ ተመልካቹን ማየት ይሻላል። አባትየው ሲናገር ሰው ዘንበል ብሎ ይሰማል፣ ሳቁም ይደምቃል፣ ከኋላ ወንበር «እውነቱን ነው!» የሚል ይሰማል። ሠራተኛዋ መናገር ስትጀምር ግን ስልክ መነካካት ይመጣል። ተመልካቹ ክፉ ስለሆነ፣ የልጅ ጋብቻን ስለሚደግፍ አይደለም። የተጻፈለት ነገር ቀልድም ቢሆን፣ መድረኩ ላይ የሆነ ነገር አጥብቆ የሚፈልግ ሰው አባትየው ብቻ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ የሚፈልጉት ነገር የለም፤ ትክክል ናቸው፣ በቃ። ትክክል ከመሆን በቀር ሥራ የሌለውን ሰው ደግሞ ማንም ዓይኑን ተክሎ አያይም።

አሁን እውነተኛውን አባት እናምጣው። የአርጡማ ፉርሲ ወይም የደዌ ሐረዋ ቆላ ገበሬ ነው እንበል። ማሽላው ዝናብ ከድቶት ሁለት ዓመት ተከታትሎ አልያዘለትም፤ ለመጨረሻው ዘር የተበደረው ገና አልተከፈለም። የበኩር ልጁ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግራ ሳዑዲ ገብታለች፤ ስልኳ ከጠፋ ወራት አልፈዋል። የአሁኗ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከተማ ቤት ተከራይታ መኖር አለባት፤ ኪራዩን ከየት ያመጣል? እንደ እህቷስ አንድ ሌሊት ደላላ ይዟት ቢሄድ? ሊድርለት ያሰበው ልጅ ደግሞ የሚያውቃቸው የደጋግ ሰዎች ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከእሱ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ዓይኑ ሥር ትሆናለች። ሚስቱም በዚያው ዕድሜ ተድራ መጥታ፣ አምስት ልጅ አሳድጋ አብራው አለች። ይህ ሰው ልጁን ይወዳል። ሊያጠፋት የተነሣውም ስለሚወዳት ነው። እዚህ ላይ ነው ድራማ የሚጀምረው። ልጅቱም «ደብተሬ፣ ትምህርቴ» ከማለት አልፋ የአባቷን ፍርሃት እያወቀች፣ እያዘነችለት፣ እንዲያም ሆኖ እምቢ የምትል ሰው ትሁን። ያኔ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው አባት የሚያመልጥበት በር አያገኝም። ከዘራ የሚወዘውዘውን ጅል አባት አይቶ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብሎ መሄድ ቀላል ነበር፤ ከዚህኛው አባት ግን እንዲህ ብሎ ማምለጥ አይቻልም።

የድራማ ባሕርይ ይህ ይመስለኛል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ሁለቱም የሚሉት አላቸው፤ ሁለቱም የያዙት ነገር ሊለቁት የማይችሉት ነው፤ እኛ ደግሞ ተሰብስበን፣ መሐል ገብተን ማስቆም ሳንችል፣ እስከ መጨረሻው እናያለን። ሰው ይህን የሚፈልገው በኑሮው ውስጥ የማያገኘው ነገር ስለሆነ ነው። በኑሮ ከምንጣላው ሰው ጋር እስከ መጨረሻው አንደማመጥም፤ ወይ እንቋረጣለን፣ ወይ እንደባደባለን፣ ወይ እንሸሻለን። ያንን የማንወደውን ሰው ቃሉን አስጨርሰን የምንሰማበት፣ ስንሰማውም ማንም የማይደማበት ቦታ መድረኩ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለወሎ ገጠር ቲያትር ባዕድ ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የአገራቸውን ሙግት ረስተዋል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ የነበረው እኮ እዚሁ አገር ነው። በላ ልበልሃ ሲባል ተሟጋቹ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዘንጉን አንሥቶ፣ ወደ ፊት ተራምዶ፣ ክሱን በግጥም አሳምሮ ያቀርብ ነበር፤ ባላጋራው ደግሞ በዚያው ልክ ይመልሳል፤ በማርና በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ መንገደኛው ሥራውን ትቶ ቆሞ ያዳምጣል። አንደኛው ወገን ብቻ የሚናገርበት ሙግት ቢኖር ማን ቆሞ ይሰማ ነበር?

ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉ የዕርቅ አባቶች አሉ፤ ደም ሲፈስ በገዳይና በሟች ወገን መካከል ይገባሉ። ሥራቸውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። «ታረቁ፣ ወንድማማች ናችሁ» ብለው አይጀምሩም። ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ አይነጋገሩም፤ አንድ ማዕድ አይቀርቡም። ሽማግሌው ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል። የሟች ወገን የሆዱን ሁሉ እስኪያወጣ ይጠበቃል፤ ስድብም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን ይሰማል። በብዙ የአገራችን ክፍል እንደሚደረገው በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይመጣና በተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳዩ ወዲያው አያነሣውም። ያ ዝምታ ሲረዝም በቦታው ያለ ሰው ሁሉ የራሱ አንገት ላይ ክብደቱ ይሰማዋል። ድንጋዩ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ጉልበቱን የሚሰጠው ሁሉም ሰው እያየ መሸከሙ ነው። ይህን የፈጠረ ሕዝብ ስለ ድራማ ከማንም መማር አይጠበቅበትም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለኝ። አንዳንድ ተመራማሪዎች የወዳጃውን ዱዓና መንዙማውንም «ባህላዊ ቲያትር» ብለው ይመድቡታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ተቀባዩ በእጁ እያጨበጨበ፣ ድቤው እየተመታ፣ ቡናው እየጨሰ የሚሆነው ነገር ልመና ነው፤ የሚነገረው ለፈጣሪ ነው እንጂ ለተመልካች አይደለም። የዛሩ ጉዳይ ይለያል። ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ለወራት ተቀምጦ የዛር ሥርዓት ተከታትሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፉም ባለዛሮቹ የሚያደርጉት ነገር ከቲያትር ጋር ያለውን ዝምድና መርምሯል። የታዘበው ነገር ለክርክሬ ይጠቅማል፤ በራሷ አፍ መናገር የማትችል ሴት፣ ዛሯ ሲመጣ ባሏን ትቆጣለች፣ ታዝዛለች፣ ትጠይቃለች፣ ይሰማታልም። ሌላ ሰው ሆኖ መናገር እንዲህ ዓይነት አቅም አለው።

እንግዲያው «መልእክት» የሚባለው ነገር ከየት መጣ? በጽሑፍ የሚታወቀው የመጀመሪያው ቲያትራችን፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ»፣ ራሱ ምክር ያዘለ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱን ያስደነገጠውና ያስከለከለው ምክሩ አልነበረም፤ ምክር ቤተ መንግሥት ሁልጊዜ ይሰማል። ያስደነገጠው ሹማምንቱ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን ማየታቸው ነው። ቆየት ብሎ ደርግ መጣና በየቀበሌው የኪነት ቡድን አቋቋመ፤ ኪነት የትግል መሣሪያ ነው ተባለ፤ ጭቁኑ ከመጀመሪያው ትክክል፣ ፊውዳሉ ከመጀመሪያው ክፉ የሆነበት ድርሰት በአገሩ ሞላ። ደርግ ሲወድቅ ሰዎቹ ተለወጡ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። የፊውዳሉን ቦታ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ፈጻሚው» ያዘ፤ የካድሬውን ቦታ ባለሙያዋ ያዘች። ያው ሰው ትክክል ሆኖ ይገባል፣ ያው ሰው ተሸንፎ ይወጣል።

በዚያው መሐል ግን ሌላ መንገድ ነበር። መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ን ሲጽፍ ርእሰ ጉዳዩ ጠለፋ ነው፤ ዛሬ አሥር ድርጅት ገንዘብ የሚመድብለት ጉዳይ። እሱ ግን ባለሙያ አስገብቶ አላስተማረም። ተማርን የሚሉ የከተማ ወጣቶች ጠለፋ ሲያቅዱ አሳየን፤ እንስቃለን፣ ሳቃችን ውስጥ ራሳችንን እናገኛለን። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም አቡነ ጴጥሮስን ሲያነሣ «እንደ እሳቸው ጀግና ሁኑ» ቢለን ኖሮ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም ነበር። ሞት ፊት የቆመው ሰው ሲፈራ፣ ሲጨነቅ፣ ሲወላውል አሳየን፤ ጽናቱም ትርጉም ያገኘው ከዚያ ነው።

ለነገሩ ዞኑ ውስጥ ያለችው ባቲ ለአገሪቱ ሙዚቃ ስሟን የሰጠች ከተማ ናት። ትዝታ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት ጋር ባቲ አራተኛው ቅኝት ነው። ክራሩ በባቲ ተቃኝቶ ሲመታ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን እስካሁን አልሰማሁም። ሙዚቃው የሚሰማውን ሰው ሆዱን ሲያባባው፣ ሲያነሣሣው፣ ምን እንደነካው ሳያውቅ ሲያለቅስ፣ ይህ ለሰው እንደሚያስፈልግ ሁሉም ይስማማል። ድራማ ላይ ሲደረስ ይህ መተማመን የት ይሄዳል?

ከባዱን ተቃውሞ አልሸሽም። «አስተማሪ ድራማ ሠርቷል» ይባላል፤ «የቀን ቅኝት»ም ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። እውነት ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በአማርኛ «የቀን ቅኝት»፣ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ «ድምቢባ» በሬዲዮ ተላልፈዋል፤ የቤተሰብ ምጣኔና የኤች.አይ.ቪ. ጉዳይ ይዘው ነበር፤ አድማጭ በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፏል፤ ብዙ ሰው በእነሱ ምክንያት ጤና ጣቢያ ሄዷል። ከሚሴን ለመሰለ ሁለት ቋንቋ ለሚሰማ ከተማ ሁለቱም ደርሰዋል። ግን እንዴት ሠሩ? ዘዴው የሜክሲኮው የቴሌቪዥን ሰው ሚጌል ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቀመረው ነው። የሳቢዶ ዘዴ ልቡ ደጉ ሰው አይደለም፣ ክፉውም አይደለም፤ መሐል ሆኖ የሚወላውለው ነው። የሚሳሳት፣ የሚጸጸት፣ ተመልሶ የሚሳሳት ሰው ለረጅም ጊዜ በየሳምንቱ ይከተሉታል። እንግዲህ በማስተማር ድራማ የተካነው ሰው ራሱ ሕዝብን የሚያንቀሳቅሰው መልእክቱ ሳይሆን የሚወላውለው ሰው መሆኑን ያውቃል። የእኛ ሰዎች ከዚያ ሥራ የወሰዱት ማስተማሩን ብቻ ነው፤ ያሠራውን ጣሉት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ የሚለወጠው አባት የዚያ ሥራ ውጤት ነው ማለት አይቻልም።

የሕዝቡ ፍላጎት ምን እንደሆነ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ እየመለሰ ማቅረብ ሲጀምር፣ በየቤቱ ቡና ሲፈላ ወሬው ሁሉ ስለ ቱርክ ቤተሰቦች ሆነ። የኪነ ጥበብ ሰዎቻችን ተቆጡ፤ የባህል ወረራ ነው ተባለ፤ ሴቶቹ ሱሰኛ ሆኑ ተባለ። ለአገር ውስጥ ሥራ መከራከራቸው ትክክል ነው፤ ተመልካቹን መዝለፋቸው ግን ትክክል አልነበረም። ከሚሴ ውስጥ ቡና ያፈላች እናት የቱርክ አማት ከምራቷ ጋር ስትፋጠጥ ስታይ ያገኘችው ነገር አለ፤ አማቲቱም ምክንያት አላት፣ ምራቲቱም ምክንያት አላት፣ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ አልተነገራትም። ጎረቤቶቿ ለሁለት ተከፍለው እስኪመሽ ይከራከራሉ። በራሷ ቋንቋ፣ ስለ ራሷ ኑሮ ይህን ያቀረበላት ቢኖር ኢስታንቡል ድረስ መሄድ አያስፈልጋትም ነበር።

«መጀመሪያ እንጀራ» ለሚሉት የምመልሰው አጭር ነው። በላ ልበልሃ ሲያደምጥ መንገድ ላይ ይቆም የነበረው ሰው ጠግቦ አላደረም። ባቲ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ የመጠለያ ጣቢያ ሆና ስሟ በዓለም ሲነገር ሰዎቿ ድምፅ የሌለው ምስል ሆነው ነው የታዩት። ያኔ የጎደላቸው እህል ነበር፤ ስለ እነሱ ሌላው ብቻ መናገሩ ግን እህሉ ከመጣ በኋላም ቀጥሏል።

ወደ ቅርቡ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ እሱ ነውና። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬ፣ በጅሌ ጥሙጋና በአጎራባች አካባቢዎች ሰው አለቀ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ሕዝብ ተፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ከሚሴ ገባ። ከዚያ ወዲህ በየመድረኩ የሚታየው «የሰላም ድራማ» አንድ ቅርጽ አለው፤ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ የኦሮሞ ሌላው የአማራ ልብስ ለብሰው፣ ይተቃቀፉና «ድሮም አንድ ነን» ይላሉ። ልጇን የቀበረች እናት ይህን ስታይ ምን ይሰማታል? ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም አልሰማት፤ ግን ታርቃለች ተብሏል። የትኛውም አበጋር የማያደርገውን ነገር መድረኩ አደረገው፤ በደሉ ሳይነገር ዕርቅ አወጀ።

አቴናውያን ሌላ ነገር አድርገዋል። ፋርሶች ከተማቸውን ካቃጠሉ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ472፣ ኤስኪለስ «ፋርሶች» የሚለውን ቲያትር አቀረበላቸው። ኤስኪለስ ራሱ ማራቶን ላይ የተዋጋ፣ ወንድሙን እዚያው ያጣ ሰው ነው። መድረኩ ግን አቴና አይደለም፤ የጠላት ቤተ መንግሥት ነው። የምታለቅሰው የጠላት ንጉሥ እናት ናት። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ተቀምጠው የጠላታቸውን ኀዘን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ሽልማቱንም ለኤስኪለስ ሰጡ። ድሉን አልካዱም፣ በደሉንም አልረሱም። «አንድ ነን» የሚል ቃልም አላስፈለጋቸውም።

«አደገኛ ነው፤ ቁስል መነካካት ነው» ይባላል። ይህን ፍርሃት አከብራለሁ፤ ከአቴናውያኑ ታሪክም የሚደግፈው አለ። ከኤስኪለስ በፊት ፍሪኒኮስ የሚባል ጸሐፌ ተውኔት የወዳጅ ከተማ የሚሌጦስን ጥፋት ቢያሳይ ተመልካቹ በለቅሶ ተናወጠ፤ የራሳችንን መከራ አስታወስከን ብለው አንድ ሺህ ድራክማ ቀጡት፣ ቲያትሩም እንዳይታይ ከለከሉ። ጊዜውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል የሚለውንም ማሰብ ያስፈልጋል። ግን ቁስሉ መድረክ ላይ ካልተነካ ጭራሽ አይነካም ማለት አይደለም። ማታ ማታ በየቤቱ ይነካል፤ አንዱ ወገን ብቻ በሚሰማበት ቤት፣ የሌላው እናት በሌለችበት። ልጆች ታሪኩን የሚሰሙት እዚያ ነው። ያ ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሁለት እናቶች መድረክ ላይ ይቁሙ፤ አንዷ ከአጣዬ፣ አንዷ ከሰንበቴ። ሁለቱም ያጡትን ይናገሩ፤ አንዷ ስትናገር ደራሲው ለሌላዋ አይቸኩል። የአንዷ ሐዘን ለሌላዋ መልስ ሆኖ አይጻፍ። ቋንቋውም እንደ ኑሮው ይሁን፤ ሰንበቴ እሁድ ገበያ የዋለ ሰው እንደሚያውቀው በአፋን ኦሮሞ ዋጋ ጠርቶ፣ በአማርኛ ተከራክሮ፣ ከአፋሩ ግመል ነጂ ጋር ደግሞ በአፋርኛ መግባባት እዚያ የተለመደ ነው። እናቶቹ ሲናደዱ ወደ አንዱ ቋንቋ፣ ሲያለቅሱ ወደ ሌላው ይሻገሩ። በዞኑ ትምህርት ቤቶች በአፋን ኦሮሞ የተማሩ፣ አማርኛውንም እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩ ወጣቶች አሉ፤ ይህን መጻፍም መጫወትም ይችላሉ። አዳራሽ የግድ አይደለም፤ ባቲ ሰኞ፣ ሰንበቴ እሁድ፣ ገበያው ሲፈታ የሚቆም ሕዝብ አለ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ እናቶች ቢታረቁ ያስታረቃቸው ነገር እዚያው በዓይናችን ፊት ይሁን፤ ባይታረቁም እንዳልታረቁ ይለቅ፤ ገምጋሚ ኮሚቴውም መጨረሻው ይቀየር ብሎ አይጻፍ።